የኃይል መረብን በአምሳል መፈተን፤ ስለ ሲሙሌሽን ሶፍትዌር አመራረጥ

ከካናዳ ምዕራባዊ ክፍላተ ሀገር አንሥቶ እስከ ሰሜናዊ ሜክሲኮ ድረስ የተዘረጋው ታላቅ የኤሌክትሪክ መረብ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1988 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ እጅግ በበረታበትና ከኮሎምቢያ ወንዝ ግድቦች ወደ ካሊፎርኒያ ብዙ ኃይል ይወርድ በነበረበት ሰዓት፣ በኦሪገን ውስጥ አንድ የ500 ኪሎቮልት መስመር ረግቦ ከዛፍ ጋር በመነካካቱ ሚዛኑን እያጣ ሄደ። ሌሎች መስመሮች ተከትለው ወጡ፤ የማክኔሪ ግድብ ጄኔሬተሮችም አንዱ ከሌላው በኋላ ከመረቡ ተለዩ፤ በሰሜኑና በደቡቡ መካከል የሚተላለፈው ኃይል በየአራት ሰከንዱ ገደማ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዝ ጀመር፤ ውዝዋዜውም በመብረድ ፈንታ እያየለ ሄዶ መረቡ ከአራት ተቈራረጠ፤ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞችም መብራት አጡ።

እንዲህ ያለው አደጋ በኤሌክትሪክ ታሪክ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የሙያውን ሊቃውንት ይበልጥ ያስደነገጣቸው ከዚያ በኋላ የታየው ነው። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ኃይል የሚያስተላልፈው የቦኔቪል ኃይል አስተዳደር መሐንዲሶች፣ የምዕራቡ መረብ ኩባንያዎች በጋራ ይጠቀሙበት የነበረውን ሞዴል፣ ይኸውም እያንዳንዱ ማመንጫ፣ መስመርና ትራንስፎርመር በሒሳብ ተጽፎ የሚገኝበትን የኮምፒዩተር አምሳል አቅርበው፣ የዚያን ቀን ድርጊት በቅደም ተከተሉ ቢያስኬዱበት፣ አምሳሉ ውዝዋዜው በርዶ መረቡ ጸንቶ እንደሚቆም መለሰላቸው። በ1999 በታተመው ጥናታቸው እንደተገለጠው (ይህና ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ ጕድለቱ የተገኘው በፕሮግራሙ የስሌት ጥበብ ላይ ሳይሆን፣ ስለ ቀጥተኛው ጅረት መስመር መቈጣጠሪያ፣ ስለ ተርባይኖች ገቨርነሮች፣ ማለትም የፍጥነት መቈጣጠሪያዎች፣ እና ስለ ተጠቃሚው ጭነት ጠባይ በውስጡ በተጻፈው ነገር ላይ ነበር። በሞዴሉ ውስጥ ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ ወዲያው ይታዘዛሉ ተብለው የተጻፉ ብዙ የእንፋሎት ተርባይኖች በተግባር አይንቀሳቀሱም ነበርና።

ይህን ታሪክ ከሁሉ አስቀድሜ ማንሣቴ፣ በዩኒቨርሲቲም ሆነ በኃይል መሥሪያ ቤት የትኛው ሶፍትዌር ይገዛ የሚለው ጥያቄ በሚነሣበት ጊዜ፣ ውይይቱ ፈጥኖ ወደ ኩባንያ ስምና ወደ ዋጋ ስለሚያዘነብል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ስሙም ዋጋውም ከመታየቱ በፊት ሁለት ነገሮች ተለይተው መታወቅ አለባቸው፤ አንደኛው፣ ከመረቡ ልናውቀው የምንፈልገው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ሁለተኛውም፣ ኮምፒዩተሩ የሚሰጠን መልስ እውነት መሆኑን በምን እንደምናረጋግጥ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ከሌላው ሀብት ሁሉ የሚለይበት ጠባይ፣ በመነጨበት ቅጽበት በሥራ ላይ መዋል ያለበት መሆኑ ነው። ፍጆታው ከምንጩ የበለጠ እንደ ሆነ የጄኔሬተሮቹ መሽከርከር ይዘገያል፣ በእኛ አገር 50 ኸርዝ የሆነው ፍሪኩዌንሲም ይወርዳል፤ ምንጩ የበለጠ እንደ ሆነ ደግሞ ይወጣል። ሆስፒታል፣ ፋብሪካና ከተማ የሚኖርበትን እንዲህ ያለ ሥርዐት፣ ምን ይሆን ይሆን ብሎ ለሙከራ ሊያናውጠው የሚደፍር ስለሌለ፣ የሙያው ሰዎች ገና ከጥንቱ አምሳል መሥራት ግድ ሆኖባቸዋል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1929 ባሠሩት መሣሪያ፣ ረጃጅሞቹ መስመሮች በትናንሽ ጥቅልል ሽቦዎች፣ በሬዚስተሮችና በካፓሲተሮች ተመስለው፣ የአንድ አገር መረብ በአንድ ክፍል ውስጥ ይፈተን ነበር። በ1956 ዋርድና ሄል የተባሉ መሐንዲሶች ይህንኑ ምርመራ በቍጥር ኮምፒዩተር የሚያካሂዱበትን ዘዴ አሳተሙ፤ በ1967ም የቦኔቪሎቹ ቲኒና ሃርት የኒውተንን የሒሳብ ዘዴ ለዚህ ተግባር አመቻችተው አቀረቡ። ዛሬ በገበያ ያሉት ፕሮግራሞች የኃይል ፍሰትን፣ ማለትም በየመስመሩ ስንት ሜጋዋት እንደሚሄድና በየጣቢያው ቮልቴጁ ስንት እንደሚሆን የሚያሰሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ስለ ሆነ፣ በዚህ በኩል ውዱም ሆነ ያለ ዋጋ የሚገኘው የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ጊዜ ሲገባበት ነው። በአንድ መረብ ውስጥ ብዙ ዓይነት ጊዜያት በአንድነት ይኖራሉ፤ በመስመር ላይ የወረደ መብረቅ የሚያስነሣው ማዕበል በማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮንኛ እጅ ይለካል፤ የሰርኪዩት ብሬከር መከፈትና መዘጋት የሚያመጣው ነውጥ በሰከንድ ሺኛ እጅ፣ የጄኔሬተሮች እርስ በርስ መወዛወዝ በሰከንዶች፣ የከተማ ፍጆታ መውጣትና መውረድ በሰዓታት፣ አዲስ ማመንጫ የማቀድ ጉዳይ ደግሞ በዓመታት ይቈጠራል። ጤፍንና ባቄላን በአንድ ወንፊት የሚነፋ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ እነዚህን ጊዜያት በአንድ የስሌት እርምጃ አጥርቶ የሚያሳይ ፕሮግራም የለም፤ ዓይኑ የሰፋው ደቃቁን ያሳልፈዋል፣ ዓይኑ የጠበበውም ክምሩን ነፍቶ ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ስለዚህም የመረጋጋት ጥናት ፕሮግራሞች የሚባሉት፣ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ከሚወጣውና ከሚወርደው ማዕበል ጋር አብረው አይወጡም፣ አይወርዱም፤ የማዕበሉን መጠንና አንግል ብቻ ይዘው፣ ወደ አንድ መቶኛ ሰከንድ በሚጠጋ እርምጃ እየተራመዱ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ጣቢያዎች ያሉትን መረብ በአጭር ጊዜ ይመረምራሉ። በ1976 በኒው ዮርክ ስቴት በስኬኔክታዲ ከተማ የተጀመረው ፒ.ኤስ.ኤስ.ኢ.፣ ከጀርመን አገር የሚመጣው ፓወር ፋክተሪም በዋነኛ ተግባራቸው ከዚህ ወገን ናቸው፤ ምንም እንኳ የኋለኛው ሌሎችንም ስሌቶች አጣምሮ ቢይዝ። በአንጻሩ የኤሌክትሮማግኔት ነውጥን የሚያጠኑት ፕሮግራሞች፣ ማዕበሉን በሦስቱም ፌዞች ላይ ነጥብ በነጥብ እየተከተሉ፣ ብዙ ጊዜ በ50 ማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ እርምጃ ይሄዳሉ። የእነዚህ አባት የሆነው ኢ.ኤም.ቲ.ፒ. የተሠራው፣ ከሙኒክ ወደ ቦኔቪል በሄደው በጀርመናዊው ኸርማን ዶመል እጅ ሲሆን፣ መሠረቱን የጣለው ጽሑፍም በ1969 ታተመ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በካናዳ የማኒቶባ ኃይል ኩባንያ ከኔልሰን ወንዝ ወደ ዊኒፔግ በቀጥተኛ ጅረት ኃይል ሲያወርድ፣ የኮንቨርተሮቹን፣ ማለትም ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ፣ ቀጥተኛውንም ወደ ተለዋዋጭ የሚመልሱትን መሣሪያዎች ጠባይ አጥርቶ የሚያሳይ መሣሪያ በማስፈለጉ፣ ዴኒስ ዉድፎርድ ዛሬ በፒ.ኤስ.ካድ ውስጥ የሚሠራውን የስሌት ሞተር ጻፈ።

እነዚህን የትውልድ ታሪኮች የማነሣው ለጌጥ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ የተወሰነ ጭንቀት የወለደው ነው፤ የወለደውንም ጭንቀት እስከ ዛሬ ድረስ በጠባዩ ይዞት ይገኛል። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው ሻጩን ይህ ምን ምን ይሠራል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ይህ የተወለደው ምንን ለማወቅ ነበር ብሎ ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርባል።

ነገሩን ወደ አገራችን ብናመጣው ይበልጥ ይገለጣል። በ2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ሲሆን፣ ኃይሉ በ500 ኪሎቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይመጣል። እንዲህ ያለ ረጅም መስመር ጭነቱ ሲቀንስ፣ በመጨረሻው ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ከመነሻው ከፍ የማለት ጠባይ ስላለው፣ በየጣቢያው ቮልቴጁን የሚያረግቡ ሪአክተሮች ይተከላሉ፤ የሪአክተሮቹን መጠን ለመወሰን የኃይል ፍሰት ስሌት ይበቃል፤ ነገር ግን ብሬከሩ በሚዘጋበት ቅጽበት የሚወጣው ቮልቴጅ ኢንሱሌተሩን ይጐዳው እንደ ሆነ ለማወቅ ዶመል ወደ ጀመረው ዓይነት መሣሪያ መሄድ ግድ ነው። ከአንዱ ጣቢያ፣ ስለ አንዱ መስመር፣ ሁለት ጥያቄዎች ሁለት ፕሮግራሞችን ይጠራሉ ማለት ነው።

ከግድቡ ታላላቅ ተርባይኖች አንዱ፣ ማለትም 400 ሜጋዋት ገደማ የሚሰጠው፣ በድንገት ከመረቡ ቢወጣ ፍሪኩዌንሲው ምን ያህል ይወርዳል፣ በስንት ሰከንድስ ይመለሳል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የመረጋጋት ፕሮግራሞች ድርሻ ነው፤ በዚህም ላይ የውሃ ኃይል የራሱ ምሥጢር አለው። በቱቦ ውስጥ የሚሄደው ውሃ ከባድ ስለ ሆነ፣ የተርባይኑ በር ሰፋ ባለበት ቅጽበት ግፊቱ ይወርድና ኃይሉ በመጨመር ፈንታ ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል፤ ውሃው ፍጥነት ካገኘ በኋላ ነው የሚፈለገው ጭማሪ የሚገኘው። ይህ መዘግየት ከማመንጫ ማመንጫ ይለያያል። ግልገል ጊቤ ሁለት ውሃውን የሚቀበለው በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጕዞ ሲሆን፣ የተከዜው ወይም የጊቤ ሦስቱ የውሃ መንገድ ከዚያ ፈጽሞ ይለያል። አብዛኛውን ብርሃኑን ከውሃ የሚያገኝ እንደኛ ያለ አገር የሚመርጠው ሶፍትዌር፣ መሐንዲሱ የየዋሻውንና የየቱቦውን ሒሳብ በገዛ እጁ ጽፎ ሊያስገባበት የሚችል መሆን አለበት፤ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ የተርባይን ሞዴል በሁሉም ማመንጫ ላይ ተለጥፎ የሚገኝ መልስ፣ ስለ መጽሐፉ እንጂ ስለ ጊቤ የሚናገረው ነገር የለምና።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው የ500 ኪሎቮልት ቀጥተኛ ጅረት መስመርም በ2022 የንግድ አገልግሎት ሲጀምር፣ በሁለቱ አገሮች መሐንዲሶች ላይ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ነው፤ ጭነቱ በጨመረ መጠንም፣ በድንገት ቢቋረጥ በአንዱ ወገን ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል፣ በሌላው ወገን ይወጣል። ይህን የመረጋጋት ፕሮግራም ይመልሰዋል። ነገር ግን በአቅራቢያው ባለ ተለዋዋጭ ጅረት መስመር ላይ አጭር ዙር ሲደርስ ኮንቨርተሩ ይጸናል ወይስ ይስታል የሚለውን ለማወቅ፣ በዊኒፔግ የተጠየቀውን ጥያቄ በሶዶና በሱስዋ እንደገና መጠየቅ ይገባል።

የነፋስና የፀሐይ ኃይል በበዛ ቍጥርም ይህ ዓይነቱ ምርመራ ከቅንጦት ወደ ግዴታ ይለወጣል። በ2016 በነሐሴ ወር በካሊፎርኒያ ብሉ ከት የተባለው የሰደድ እሳት በማስተላለፊያ መስመሮች ላይ ባደረሰው አጭር ዙር ምክንያት፣ በአንድ ጊዜ ወደ 1,200 ሜጋዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ከመረቡ ጠፋ፤ ከዚህም የሚበዛው የጠፋው፣ የፀሐዩን ቀጥተኛ ጅረት ወደ ተለዋዋጭ የሚለውጡት ኢንቨርተሮች በተቈረጠው ማዕበል ተታለው የመረቡ ፍሪኩዌንሲ የወደቀ መስሏቸው ራሳቸውን ስላወጡ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ግን እነርሱ እንደለኩት አልወደቀም ነበር። ማዕበሉን በመጠንና በአንግል ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ስሕተት አስቀድሞ ሊያሳይ አይችልም። በአሸጎዳና በአዳማ የነፋስ ማመንጫዎችን የተከለ አገር ይህን ታሪክ ከልብ ሊያስብበት ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ችግር አለ። የኢንቨርተርና የኮንቨርተር ሠሪዎች የመቈጣጠሪያቸውን ምሥጢር ለተወዳዳሪ እንዳይገለጥባቸው ስለሚፈልጉ፣ ሞዴሉን ተቈልፎ እንደተዘጋ ሣጥን አድርገው ያስረክባሉ፤ መሐንዲሱ የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል እንጂ ውስጡን አያይም። ሣጥኑም ብዙ ጊዜ በአንድ ፕሮግራም በአንድ እትም ላይ ብቻ ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕሮግራሙ ሲታደስ ሣጥኑ አልከፈት ይላል፤ ያን ጊዜ ውሉ ተዘግቷል፣ ሠሪውም ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል። ስለዚህ የሞዴሉ ጉዳይ ማሽኑ በሚገዛበት ውል ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ሞዴሉ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ፣ ለስንት ዓመት እንደሚታደስ፣ በፋብሪካው ሙከራ ላይ ከተገኘው ውጤት ጋር ተመሳክሮ እንደሚቀርብ በግልጽ መነገር አለበት። በብዙ ታዳጊ አገሮች እንደሚታየው ልማድ፣ የውጭ አማካሪ ጥናቱን ጨርሶ የታተመውን ሪፖርት ብቻ አስረክቦ ሲሄድ፣ ሞዴሉ በእርሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀራል፤ ሪፖርቱ በመደርደሪያ ላይ ሲያረጅ የአገሩ ወጣት መሐንዲስ ሁሉን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህ በእውነት የሚያሳዝን የዕውቀት ብክነት ነው።

ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ የገንዘብ ማነስ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን እንቅፋት ሊሆን አይገባም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ ከ1997 ጀምሮ የተሰራጨው ማትፓወር የኃይል ፍሰትንና የምርት ድልደላን ያሰላል፤ ኤፕሪ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ምርምር ተቋም በ2008 ለሁሉ የከፈተው ኦፕን ዲ.ኤስ.ኤስ. ደግሞ፣ ሦስቱ ፌዞች እኩል የማይጫኑበትን የከተማና የገጠር ማከፋፈያ መስመር ለማጥናት የተመቸ ነው፤ በካስል ዩኒቨርሲቲና በፍራውንሆፈር ተቋም የተሠራው ፓንዳፓወርም አለ። እኔ ተማሪው በእነዚህ ቢጀምር የምመርጠው ስለ ርካሽነታቸው ብቻ አይደለም፤ ስሌቱ የተጻፈበት ኮድ ስለሚነበብ፣ ተማሪው መልሱ ከየት እንደመጣ መርምሮ ሊያገኘው ስለሚችል ነው። የታላቁ መረብ ጠባቂ የሆነ መሥሪያ ቤት ግን የሚጠየቅበት ድጋፍና ብዙ የመሣሪያ ሞዴል ያለው ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ የጎረቤቶቹንም ሰነድ የሚያነብ መሆን አለበት። በ2005 የተመሠረተውና ማእከሉ በአዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር አባላት፣ የየመረባቸውን ሞዴል በአንድ ሰነድ ካላገናኙ፣ ድንበር ተሻጋሪውን ውዝዋዜ ማንም ለብቻው ሊያየው አይችልም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጥናት ነው፤ መረቡን በየደቂቃው ለመቈጣጠር የሚያገለግለው አምሳል ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቍጥጥር ማእከል ውስጥ ያለው ሞዴል ከየጣቢያው በሚመጣው ልኬት እየታደሰ፣ አሁን አንድ መስመር ቢወጣ ምን ይሆናል እያለ ሳያቋርጥ ይጠይቃል። በ2003 በነሐሴ ወር በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ሕዝብ በጨለማ የዋለበት ቀን፣ ኦሃዮን ጨምሮ የሚጠብቀው የመረብ አስተዳዳሪ እንዲህ ያለ መሣሪያ ነበረው፤ ነገር ግን የአንድ መስመር መውጣትን የሚገልጽ ምልክት ወደ ሞዴሉ ስላልደረሰ ስሌቱ ሊገጥም አልቻለም፤ ያ ከተስተካከለ በኋላም በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲሠራ የሚያደርገው ትእዛዝ ሳይመለስ ቀረ፤ ስሌቱ በሙሉ ሲስተካከልም ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ ለቍጥጥር የሚሆን ሶፍትዌር ሲመረጥ፣ ትክክለኛ ልኬት ሲመጣለት ከሚያሳየው ፍጥነት ይልቅ፣ ልኬቱ ሲጐድልና ሲሳሳት እንዴት እንደሚሆን መመርመር ይሻላል። ሪሌዮችን፣ ማለትም አደጋ ሲደርስ ብሬከሩን የሚያዝዙትን መሣሪያዎች፣ እና መቈጣጠሪያዎችን ወደ ጣቢያ ከመሄዳቸው በፊት ለመፈተን ደግሞ፣ በ1990ዎቹ ከዚያው ከዊኒፔግ የወጣው አር.ቲ.ዲ.ኤስ. ዓይነት መሣሪያ አለ፤ የ50 ማይክሮ ሰከንዱን ስሌት በ50 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ስለሚጨርስ፣ እውነተኛው ሪሌይ ከእውነተኛ መረብ ጋር የተገናኘ ያህል ይሠራል።

እንግዲህ መምረጫው ሰዓት ሲደርስ ሻጮቹ ሁሉ በመማሪያ መጻሕፍት የታወቁትን ባለ 14 ወይም ባለ 118 ጣቢያ የሙከራ መረቦች አምጥተው ውጤቱን በሚያምር ሥዕል ያሳያሉ። በእነዚህ ላይ የማይሠራ ፕሮግራም ስለሌለ ከዚህ የሚገኝ ፍርድ የለም። የሚሻለው፣ መሥሪያ ቤቱ በራሱ መረብ ላይ የደረሰበትን አንድ መቋረጥ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነመስመሩ፣ በየጣቢያው ከተመዘገበው ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ ጋር ለተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ሰጥቶ፣ በመሥሪያ ቤቱ መሐንዲሶች ፊት ይህንኑ ድርጊት እንዲያስኬዱት መጠየቅ ነው። መልሱ ከመዝገቡ ጋር ባይገጥም እንኳ፣ ያልገጠመበትን ምክንያት ፈልጎ ለማግኘት የትኛው ፕሮግራም እንደሚያግዝ፣ የትኛውም እንደሚሸፍን በዚያ ይታያል።

ለዚህ ግን መዝገብ ያስፈልጋል። የቦኔቪል መሐንዲሶች አምሳላቸው ከእውነት መራቁን ሊያውቁ የቻሉት፣ በመጀመሪያ ከተነገረው ከ1996ቱ (በእኛ አቈጣጠር ከ1988ቱ) አደጋ በፊት በሰፊው መረብ ላይ የመለኪያ መዝጋቢዎችን በመትከል ላይ ስለነበሩና የውዝዋዜው ሥዕል ሳይጠፋ ተጽፎ ስለተገኘ ነው። ለሶፍትዌር የሚመደበው ገንዘብ በሚጻፍበት ሰነድ ውስጥ፣ በሶዶ፣ በሆለታና በመሳሰሉት ታላላቅ ጣቢያዎች ቮልቴጁንና አንግሉን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለኩ፣ ሁሉም በአንድ የሳተላይት ሰዓት የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ዋጋ አብሮ መጻፍ አለበት፤ ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላም መዝገቡ ሞዴሉን ለሚጠብቁት መሐንዲሶች በቀናት ውስጥ እንዲደርስ፣ እነርሱም ሞዴሉን ከመዝገቡ ጋር አመሳክረው የገቨርነሩን፣ የጭነቱንና የኮንቨርተሩን ቍጥር እንዲያርሙ፣ ይህም ሥራ የቋሚ ክፍላቸው ተግባር እንዲሆን ሥልጣንና በጀት ሊሰጣቸው ይገባል።